በሊትር ስንት ትሄዳለች? ከቦሌ እስከ ሐዋሳ ደርሶ መልስ

መኪና ልትገዙ ወጥታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ከዋጋው ቀጥላ የምትመጣውን ጥያቄ ጠይቃችኋል፤ «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ደላላው መልሱን ለማሰብ ጊዜ አይፈጅበትም። «ይቺማ ነዳጅ ታሸታለች እንጂ አትጠጣም! ዓይናችሁን ጨፍናችሁ 20 በሏት» ይላችኋል። ደስ ብሏችሁ ትገዟታላችሁ። ከወር በኋላ ማደያ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ሒሳቡን ስትሠሩ ግን 20 ያሏችሁ መኪና 10 ወይም 11 ሆና ትገኛለች። ያን ጊዜ አንዱ መካኒክ «ካንዴላ ቀይሩ» ይላል፤ ሌላው «ፊልትሮው ነው» ይላል፤ ጎረቤታችሁ ደግሞ «ከደላላው ጋር ተጣሉ» ይላችኋል።

ሁሉም አልፎ አልፎ እውነት ሊኖራቸው ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ያለው ሌላ ሁለት ቦታ ነው፤ በምትሄዱበት መንገድ እና ነዳጅ መስጫውን በምትረግጡበት እግር። ይህን ቁጭ ብሎ ከማስረዳት አብረን ብንጓዝ ይሻላል። ብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ለዕረፍት የሚመርጠውን የሐዋሳን መንገድ እንውሰድ። ርቀቱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የከተማ መጨናነቅ፣ የፍጥነት መንገድ፣ ጠባብ አስፋልት፣ ቁልቁለትና ዳገት ሁሉም አሉበት። እኔ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ ባለ 1.3 ሊትር ሞተር በሆነችው ያሪሳችን፣ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ሄጄበታለሁ። መኪናዋ ያችው፣ ተሳፋሪዎቹ እነዚያው ነበሩ። የተለየው የእኔ አነዳድ ብቻ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት

ወደ ሐዋሳ ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ማደያ ገብታችሁ «ሙሉ» በሉ። ቀጂው ማንቁርቱ ራሱ «ቀጭ» ብሎ ሲያቆም ይበቃዋል፤ ለሽርፍራፊ ብር ብሎ እንዲጨምርበት አትፍቀዱ። ከዚያ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ዜሮ አድርጉት፤ ዜሮ የማይሆን ከሆነ ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ስትመለሱ እዚያው ማደያ፣ ቢቻል እዚያው ማሽን ላይ፣ እንደገና በዚያው ዓይነት እስኪያቆም አስሞሉ። በመንገድ ላይ የቀዳችሁትንና አሁን የገባውን ሊትር ደምሩ፤ የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር በእሱ አካፍሉ። የመኪናችሁ ትክክለኛ መልስ ይህ ነው። አሁን የነዳጅ ክፍያ በስልክ ስለሆነ የቀዳችሁበት ቀንና የከፈላችሁት ገንዘብ እዚያው ተመዝግቦ ይቆያችኋል፤ ሊትሩን ብቻ ከማሽኑ ላይ አንብባችሁ ጻፉ።

«ዳሽቦርዱ ይነግረኝ የለም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ይነግራችኋል፤ ግን እሱ የሚሰጠው ግምት ነው፤ ብዙ ጊዜም ለባለቤቱ ያደላል። የፋብሪካው ቁጥርስ? እሱ የተለካው በቤተ ሙከራ ውስጥ፣ መኪናዋ በሚሽከረከር ብረት ላይ ቆማ ነው። አውሮፓ ለብዙ ዓመታት ትጠቀምበት የነበረው ፈተና 20 ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ፣ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ነበር። ከቁጥሩና ከእውነተኛው መንገድ ያለው ልዩነት እየሰፋ ስለሄደ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ረዘም ባለና ፈጠን ባለ ፈተና ተተክቷል። እኛ ዘንድ ያሉት ብዙዎቹ መኪኖች ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው። በዚያ ፈተና ውስጥ የእንጦጦ ዳገት የለም፤ የቃሊቲ ትራፊክም የለም።

ከቦሌ እስከ ቱሉ ዲምቱ

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ብትነሱ ከተማውን በሰላም ታልፋላችሁ። እኛ በመጀመሪያው ጉዞ ስንጨናነቅ አርፍደን ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን፤ ከቦሌ ቱሉ ዲምቱ ለመድረስም ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። ቆሞ የሚሠራ እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ያቃጥላል፤ ኤሲ ከተከፈተ ወደ ላይኛው ይጠጋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሄዳችሁት ኪሎ ሜትር ዜሮ ነው። መኪናዋ በሊትር ዜሮ ሄደች ማለት ነው።

የባሰው ግን ቆሞ መጠበቁ አይደለም። ከፊታችን ያለው ታክሲ አሥር ሜትር በተንቀሳቀሰ ቁጥር እኔ ነዳጅ ረግጬ እደርስበታለሁ፤ ከዚያ ፍሬን እይዛለሁ። ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ነዳጅ ገዝታችሁ የሠራችሁት ፍጥነት ሙቀት ሆኖ በጎማችሁ በኩል ይጠፋል። ስለዚህ ቁጠባ የሚጀምረው ፍሬን መያዝ የማያስፈልግበትን ርቀት ከመተው ነው። በሁለተኛው ጉዞ ከፊቴ ካለው መኪና ራቅ ብዬ፣ በአንደኛ ማርሽ ቀስ እያልኩ ሄድኩ። ክፍተቱን አይተው የገቡብኝ ነበሩ፤ ገቡ። ቱሉ ዲምቱ ክፍያ በር ላይ ከፊቴ ሁለት መኪና ቀድመው ቆመው አገኘኋቸው። በቃ ያ ሁሉ ግፊያ የሁለት መኪና ተራ ነበር።

የፍጥነት መንገዱ

ከቱሉ ዲምቱ በኋላ የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ይቀበላችኋል። ሞጆ ላይ ትታጠፉና በመቂ በኩል እስከ ባቱ በሚወስደው አዲሱ የፍጥነት መንገድ ትቀጥላላችሁ። ሁለቱ ሲደመሩ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። መንገዱ ሰፊ ነው፤ እንስሳ አይገባበትም፤ ከአዲስ አበባ ከፍታም ወደ ስምጥ ሸለቆ እየወረዳችሁ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች፤ ባቱ ከተማ 1,640 ሜትር አካባቢ ናት። ስለዚህ መኪናዋ ራሷ ትንደረደራለች፤ እግራችሁም ሳታውቁት ይከብዳል።

በመጀመሪያው ጉዞ ቆጣሪው 120ን አልፎ ሄደ። አናታችን ላይ ፖርቶመጋላ አለ፤ በላዩ ላይ ፍራሽ፣ የልጆች ብስክሌትና ሸራ ታስሯል። ሸራው ሲርገበገብ በመኪናዋ ውስጥ ለመነጋገር መጮኽ ነበረብን። ያ ድምፅ የምን ድምፅ እንደነበር አሁን አውቃለሁ፤ ነዳጃችን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በከተማ ፍጥነት አየር ምንም አይመስልም። ፍጥነት ሲጨምር ግን የአየሩ ግፊት ከፍጥነቱ ይልቅ በብዙ ያድጋል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ100 ወደ 120 ስትጨምሩ ፍጥነታችሁ በ20 ከመቶ ሲያድግ የአየሩ ግፊት በ44 ከመቶ ይጨምራል። በዚህ ላይ አናት ላይ የታሰረ ዕቃ ሲጨመር መኪናዋ ግድግዳ እየገፋች እንደምትሄድ ቁጠሩት። ባዶ ፖርቶመጋላም ቢሆን ንፋስ ይይዛል፤ ካልተጠቀማችሁበት ማስፈታት ነው።

ትርፉስ? 140 ኪሎ ሜትሩን በ120 ብትጨርሱት 70 ደቂቃ ይወስዳል፤ በ100 ብትጨርሱት 84 ደቂቃ። ልዩነቱ 14 ደቂቃ ነው፤ አንድ ቡና አዝዞ ለመጠጣት የማይበቃ ጊዜ። ምልክቱ ከሚፈቅደው በላይ መንዳት ሕግ መጣስ መሆኑ ደግሞ እንዳለ ነው።

ስለ ቁልቁለት አንድ ነገር ልጨምር። ማርሹን ኒውትራል አድርገው መኪናዋን የሚለቁ ብዙ ሾፌሮች አሉ፤ «ነዳጅ ይቆጥባል» ይላሉ። በድሮዎቹ ካርቡሬተር ባላቸው መኪኖች ዘመን የቀረ ልማድ ነው። የዛሬዎቹ መኪኖች ማርሽ ገብቶ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ላይ ስታነሱ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ነዳጅ ይዘጋሉ፤ ጎማዎቹ ራሳቸው ሞተሩን ያዞሩታል። ኒውትራል ስታደርጉት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት ይጀምራል። በዚያ ላይ ሞተሩ መኪናዋን መያዙን ያቆምና ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በቁልቁለት ማርሹ ይግባ፤ እግራችሁ ይረፍ።

ባቱ ላይ እረፍት

ከሞጆ በኋላ አየሩ ይሞቃል፤ ግራር መታየት ይጀምራል። መቂና ባቱ የሽንኩርት፣ የቲማቲምና የፓፓያ አገር ናቸው። ባቱ ወርዳችሁ ሐይቁ ዳር ዓሣ ብሉ፤ ልጆቹም እግራቸውን ያፍታቱ። ሐብሐብ መግዛት የሚያምራችሁ ከሆነ ግን ለመመለሻው አቆዩት፤ ሁለት ቀን ሙሉ ይዛችሁት አትዙሩ።

ሙቀቱ ሲበረታ የኤሲ ነገር ይነሳል። በከተማ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ስትሄዱ መስኮት ከፍቶ መሄድ ይሻላል። በፍጥነት መንገድ ላይ ግን የተከፈተ መስኮት አየር እየያዘ ወደኋላ ይጎትታችኋል፤ ያን ጊዜ መስኮቱን ዘግታችሁ ኤሲውን በመጠኑ ክፈቱት። ለነዳጅ ብላችሁ ልጆችን በሙቀት አታሰቃዩ፤ ከኤሲው ይልቅ ቁጠባ ያለው በእግራችሁ ላይ ነው።

እኛ በመጀመሪያው ጉዞ ባቱ ላይ አልቆምንም። «ሐዋሳ ደርሰን ምሳ እንበላለን» አልኩ። ይህ ውሳኔ ብዙም ሳይቆይ ዋጋ አስከፈለኝ።

ከባቱ እስከ ሻሸመኔ

ከባቱ በኋላ የምታገኙት ነባሩ ባለ ሁለት አቅጣጫ አስፋልት ነው። ቡልቡላን አልፋችሁ በላንጋኖና በአብጃታ ሐይቆች መካከል ታልፋላችሁ። የአህያ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ የከብት መንጋ፣ ከባድ መኪና፣ በእግሩ የሚሄድ ተማሪ ሁሉም የዚህ መንገድ ባለቤቶች ናቸው። ከላንጋኖ በኋላ ደግሞ ወደ አርሲ ነገሌ ከ400 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ዳገት ልብ አይለውም፤ ረጅምና ለስላሳ ስለሆነ። መኪናዋ ግን ልብ ትለዋለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው። ተርቦ የሌላት የቤት መኪና በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ከጉልበቷ አንድ አምስተኛ ያህሉን ታጣለች። አርሲ ነገሌ አካባቢም ከዚያ ብዙ አይርቅም። አራት ሰውና ሙሉ ዕቃ የጫነች ትንሽ መኪና ዳገት ላይ ለመቅደም የሚያስፈልጋት መንገድ፣ እናንተ በዓይናችሁ ከምትገምቱት በጣም ይረዝማል።

በመጀመሪያው ጉዞ አንድ አይሱዙ ከፊቴ ቀስ ብሎ ሲያዘግም ትዕግሥቴ አለቀ። ወጣሁ። ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረገጥኩት፤ ሞተሩ ጮኸ እንጂ መኪናዋ አልፈጠነችም። ከላይ ከባድ መኪና መብራቱን እያበራ መጣ። ባለቤቴ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ እጇን ብቻ ወደ ኋላ ወንበር ዘረጋች። የአይሱዙው ሾፌር ፍሬን ይዞ ቦታ ባይለቅልኝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አታነቡም ነበር። በሰላም ገባሁ። ትንሽ እንደሄድን የስድስት ዓመቷ ልጃችን «አባዬ፣ ሆዴን!» አለች፤ ሳልቆም አስመለሳት።

መንገድ ዳር አቁመን ወንበሩን ስናጸዳ፣ ልብሷን ስንቀይር፣ ውኃ ስናጠጣት 25 ደቂቃ አለፈ። በፍጥነት መንገዱ ላይ የቆጠብኩት 14 ደቂቃ ነበር። ያ አይሱዙ እኛ ወንበር ስንጠርግ ክላክስ ሰላምታ ሰጥቶን አለፈ።

ልጆች በመኪና ሲሄዱ የሚያማቸው ብዙ ጊዜ ከምግቡ ይልቅ በተደጋጋሚ ከሚመጣው መፍጠንና መቆም ነው። ነዳጅ የሚበላውም ያው መፍጠንና መቆም ነው። መቅደም ካለባችሁ መንገዱ ቀጥ ብሎ ሩቅ ሲታይ፣ ማርሽ ቀንሳችሁ፣ በአንድ ጊዜ ቅደሙ። ካልሆነ ጠብቁ። ከከባድ መኪና ኋላ አምስት ኪሎ ሜትር በ50 መሄድ በ80 ከመሄድ የሚለየው ከሦስት ደቂቃ በታች ነው።

ሐዋሳ ላይ አትቸኩሉ

ሻሸመኔን አልፋችሁ ወደ ሐዋሳ ስትወርዱ ሐይቁ ከሩቅ ይታያል። አሞራ ገደል ሄዳችሁ ዓሣችሁን ትበላላችሁ፤ ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ትንሸራሸራላችሁ። ያን ጊዜ የዳሽቦርዱን ቁጥር አይታችሁ ለጓደኞቻችሁ ፎቶ ልትልኩ ይዳዳችኋል። «በሊትር 18 ሄደች!» እንዳትሉ። ገና የመንገዱን ግማሽ፣ ያውም የሚወርደውን ግማሽ ነው ያያችሁት። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምሥራቅ የሚወርድ ሁሉ መኪናውን ያሞግሳል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሁሉ ያማታል። ሁለቱም ስለ መንገዱ ነው የሚናገሩት።

ሐዋሳ ላይ መደረግ ያለበት ሌላ ሥራ አለ፤ ጎሚስታ መሄድ። እኔ የሄድኩት አንዱ ጎማ የሳሳ መስሎኝ ነበር። ልጁ አራቱንም ለካና «ጋሼ፣ ሁሉም 24 ነው ያለው» አለኝ። በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈው ወረቀት 32 ይላል። ለስንት ወር እንደዚያ እንደነዳሁ አላውቅም። ንፋሱ የቀነሰ ጎማ መሬት ላይ ይተኛል፤ ለመሽከርከር ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል፤ ዳርና ዳሩ ቶሎ ያልቃል፤ በረጅም መንገድና በሙቀት ደግሞ እስከ መፈንዳት ይደርሳል። ትክክለኛው መለኪያ ጊዜ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው፤ ማለትም ጠዋት፣ ብዙ ሳትነዱ። ልኩም በጎሚስታው ግምት ሳይሆን በበሩ ጠርዝ ላይ በተጻፈው ይሁን፤ ለሙሉ ጭነት የተለየ ቁጥር ካለው እሱን ተከተሉ።

የመመለሻው ዳገት

ከባቱ ወደ አዲስ አበባ 700 ሜትር ገደማ ትወጣላችሁ። መንገዱ ሰፊ ስለሆነ ዳገት አይመስልም፤ ግን ሒሳቡ ቀላል ነው። ከነሰውና ከነዕቃው 1,400 ኪሎ የምትመዝን መኪና 700 ሜትር ከፍ ለማድረግ፣ የቤንዚን ሞተር ከሚባክንበት ሙቀት ጋር ሲታሰብ፣ 1 ሊትር ገደማ ነዳጅ ያስፈልጋል። ይህ ለመሄዱ ከሚያስፈልገው ሌላ፣ ለመውጣቱ ብቻ የሚከፈል ነው። ምንም ብታደርጉ አታስቀሩትም። ያን 1 ሊትር ዳገቱን በመሮጥ ሁለት ማድረግ ግን በእናንተ እጅ ነው።

በዳገት ላይ የሚሻለው ፍጥነቱ ትንሽ እንዲወርድ መፍቀድ ነው። 100 የነበረው 85 ቢሆን ምንም አይደለም። ሞተሩ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ በከፍተኛ ማርሽ ማስጨነቅም አይገባም፤ ሲከብደው አንድ ማርሽ ቀንሱለት። ጭነታችሁንም አስቡ። ከሐዋሳ፣ ከሻሸመኔና ከመቂ የሚሸመተው ድንች፣ ሽንኩርትና ሐብሐብ ሲደመር አንድ ሰው ያህላል፤ እሱም ዳገቱን የሚወጣው በእናንተ ነዳጅ ነው። አትግዙ አልልም፤ ርካሽና ትኩስ ነው። አናት ላይ ሳይሆን ውስጥ ጫኑት እንጂ።

ሒሳቡ

የመጀመሪያውን ጉዞ ስንጨርስ በጠቅላላው 612 ኪሎ ሜትር ሄደን 47.1 ሊትር ቀዳን። ሲካፈል በሊትር 13 ኪሎ ሜትር ነው። ባለቤቴ ቁጥሩን አይታ «መኪናዋን መካኒክ ጋ ውሰዳት» አለችኝ። ወሰድኳት። መካኒኩ ሞተሩን ሰማ፣ ካንዴላውን አውጥቶ አየ፣ የአየር ፊልትሮውን አራገፈና «መኪናዋ ጤነኛ ናት፤ አንተስ?» አለኝ። ሳቅን። ቤት ስደርስ ግን ሳቁ አብሮኝ አልመጣም። ያች በአይሱዙው ጎን ያለፈች ቅጽበት ታየችኝ።

ሁለተኛው ጉዞ ላይ ፖርቶመጋላውን አስፈታሁ፤ ዕቃውን ቀንሰን ከኋላ ጫንን። ጎማውን ጠዋት አስለካሁ። በ12 ሰዓት ወጣን። በፍጥነት መንገዱ ላይ ከ90 እስከ 100 ሄድኩ። ባቱ ላይ ቆመን ቁርስ በላን። ከባቱ እስከ ሻሸመኔ የቀደምኩት መኪና በጣት ይቆጠራል። 604 ኪሎ ሜትር ሄደን 38 ሊትር ቀዳን፤ በሊትር 15.9 ማለት ነው። አንድ ብሎን አልተቀየረም።

የተረፈው 9 ሊትር ነው። በዚያ ነዳጅ ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ መቂን አልፋችሁ ትሄዳላችሁ። ከማን ምን ያህሉ እንደመጣ፣ ከጎማው ይሁን ከፖርቶመጋላው ወይም ከእግሬ፣ ነጣጥዬ መናገር አልችልም፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ነው ያረምኩት። ደላላው ያለው 20 ግን በሁለቱም ጉዞ አልመጣም።

ሰኞ ጠዋት

ሐዋሳ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። ሰኞ ጠዋት የሚጠብቃችሁ የትምህርት ቤት መንገድ ነው፤ ትልቁ ነዳጅ የሚያልቀውም እዚያ ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር ሄዶ መቆም ለመኪና ከባድ ሥራ ነው። በአዲስ አበባ ብርድ ያደረ ሞተር እስኪሞቅ ድረስ ብዙ ይጠጣል፤ ሞቀ ስትሉ ደርሳችኋል። ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ አሥር ደቂቃ አስነስቶ ማሞቅም ነዳጅ ማባከን ነው፤ የዛሬ ሞተር ከተነሳ ግማሽ ደቂቃ በኋላ ቀስ ብሎ ሲነዳ ይበልጥ ቶሎ ይሞቃል።

አንድ ቤተሰብ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ቢነዳና በዓመት 300 ቀን ቢንቀሳቀስ 9,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መኪናዋ በከተማ በሊትር 9 ብትሄድ 1,000 ሊትር ያስፈልጋታል። በአነዳድ ብቻ 10.5 ብታደርሷት 857 ይበቃታል። ልጆችን ስትጠብቁ ትምህርት ቤት በር ላይ በቀን ግማሽ ሰዓት ሞተር ሳታጠፉ ብትቆሙ ደግሞ በዓመት ከ75 እስከ 150 ሊትር ቆማችሁ አቃጠላችሁ ማለት ነው። የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ተጀምሯል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። በእጃችሁ ያለችው መኪና ገና ብዙ ዓመት አብራችሁ ትኖራለች፤ ጠባይዋን ማወቅ ይጠቅማችኋል።

ከሁለተኛው ጉዞ ስንመለስ ሞጆን ካለፍን በኋላ በመኪናዋ ውስጥ ጸጥታ ሆነ። በመስታወቱ ወደኋላ ሳይ ሁለቱም ልጆች ተኝተዋል፤ ባለቤቴም ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ተኝታለች። በመጀመሪያው ጉዞ መንገዱን ሙሉ የበሩን እጀታ እንደያዘች ነበር፤ ያኔ ልብ አላልኩትም። ለካ እሷም ስትለካኝ ኖራለች።

እናንተም በሚቀጥለው ጉዞ ታንኩን ሞልታችሁ፣ ቆጣሪውን ዜሮ አድርጋችሁ ውጡ። ስትመለሱ ሁለት ነገር ተመልከቱ፤ በሊትር ስንት እንደሄዳችሁ እና ከኋላ የተቀመጡት ተኝተው እንደሆነ።

ለጉዞ ቀን የሚጠቅም ማስታወሻ

• ጎማውን ጠዋት፣ ሳይሞቅ፣ በበሩ ጠርዝ ላይ ባለው ቁጥር ልክ አስለኩ፤ መለዋወጫውን ጎማም አትርሱ።
• የማትጠቀሙበትን ፖርቶመጋላ አስፈቱ፤ ከኋላ ኮፈን ውስጥ ለወራት የተቀመጠውን ዕቃ አውርዱ።
• ታንኩን በማንቁርቱ የመጀመሪያ «ቀጭ» ላይ አቁማችሁ ሙሉ፤ ኪሎ ሜትሩን መዝግቡ።
• በፍጥነት መንገድ ላይ ከ100 አትለፉ፤ በዳገት ላይ ፍጥነቱ እንዲቀንስ ፍቀዱ።
• በቁልቁለት ኒውትራል አታድርጉ።
• ከአንድ ደቂቃ በላይ የምትቆሙ ከሆነና መንገድ ላይ ካልሆናችሁ ሞተሩን አጥፉ።
• ሒሳቡን የምትሠሩት ደርሶ መልሱን ከጨረሳችሁ በኋላ ነው።